«አንቺ» መባሌ ቅር ቢለኝ ትዕቢት ነውን? አንቱታ በሥራ ቦታ

አዲስ ኃላፊ (ጥያቄ አቅራቢ) | ጥቅምት 12

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ የሌሎችን ጥያቄና መልስ አነብ ነበር እንጂ ጽፌ አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር የተሟገትኩበት ነገር ስላለ ግን የእናንተን ምክር መፈለግ ግድ ሆነብኝ።

የ31 ዓመት ሴት ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የሕክምና ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ስድስት ዓመት ሠርቼ ባለፈው ሐምሌ የክፍል ኃላፊ ሆንኩ። በሥሬ ካሉት ሠራተኞች አንጋፋው ሒሳብ ሠራተኛችን ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ስቀጠር ሥራ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው፤ የጉምሩክ ሰነድ ሲመጣ መጀመሪያ ምኑ እንደሚታይ ያወቅኩት ከእርሳቸው ጠረጴዛ ጎን ቆሜ ነው። እኔ «ጋሼ» ብዬ በ«እርስዎ» አናግራቸዋለሁ፤ እርሳቸው «አንቺ»፣ ሲላቸው ደግሞ «አንቺ ልጅ» ይሉኛል። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ አንድም ቀን ቅር አሰኝቶኝ አያውቅም።

ባለፈው ወር ግን ከአንድ ሆስፒታል የግዥ ኃላፊዎች ጋር ስለ ዋጋ እየተነጋገርን ሳለ፣ በንግግሬ መካከል «አንቺ ልጅ፣ ቆዪ እስቲ፤ እርሱን ተዪው» አሉኝ። ያሉት ነገር በሒሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን የግዥ ኃላፊው ወንበሩን ወደ እርሳቸው አዞረና ስብሰባው እስኪያልቅ እኔን አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። ውሉን የምፈርመው እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ በዕድሜ ከእኔ የሚያንሱ ሁለት ሠራተኞችም «አንቺ» ማለት ጀምረዋል። እናቴን ባማክራት «አባትሽ የሚሆን ሰው አንቺ ቢልሽ ምን ይደንቃል» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ «በጽሑፍ አስጠንቅቂያቸው» ይላል። ሁለቱም አልተዋጡልኝም። ሰውየውን እወዳቸዋለሁ፣ ማዋረድም አልፈልግም። ግን «እርስዎ» መባልን መፈለጌ ትዕቢት ነውን?

ጡረተኛዋ ጸሐፊ | ጥቅምት 12

ልጄ ልበልሽ፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል። በ1965 ዓ.ም. በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሬ ሠላሳ ሦስት ዓመት በኃላፊዎች በር ላይ ተቀምጫለሁ። በበር ላይ የተቀመጠ ሰው ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ ሁሉን ይሰማል።

ስቀጠር ለትልቅ ሰው «ክቡር» እና «ጌታዬ» ነበር። ንጉሡ በ1967 መስከረም ከወረዱ በኋላ «ጓድ» መጣ። ሚኒስትሩም ጓድ፣ ተላላኪውም ጓድ ተባለ። ወጣት ነበርኩና ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሁላችንም እኩል የሆንን መሰለኝ። ጥቂት ቆይቼ ግን ጆሮዬን ወደ ግሱ ሳዞር ሌላ ነገር ሰማሁ። ለኃላፊው «ጓድ፣ ይግቡ» እንላለን፤ ለተላላኪው «ጓድ፣ ግባ» እንላለን። መጠሪያው አንድ ሆነ፣ ግሱ ግን እንደ ድሮው ሁለት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሰውን አክብሮት በማዕረግ ስም ለክቼ አላውቅም። የምሰማው የአረፍተ ነገሩን መጨረሻ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ ትዕቢት አይደለም። ነገር ግን በሰው ፊት የሆነውን በሰው ፊት አታርሚው፣ በደብዳቤማ ፈጽሞ አይሆንም። ቡና ሲጠጡ ጠብቂና «ጋሼ፣ እንግዳ ሲኖር አንድ ነገር እንዲያግዙኝ እፈልጋለሁ» በያቸው። ለአንጋፋ ሰው «አግዙኝ» ማለት ከ«አቁሙ» ይልቅ ይሰማል። በቤት ውስጥ የሚሉሽን አትንኪባቸው። በእንግዳ ፊት ግን የሚናገሩት ወንበሩን ነው። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ኃላፊ ነበረኝ። ስልክ ሲደወልና «አሉ?» ሲባል «የሉም፤ ማን ልበል?» እል ነበር እንጂ «የለም» ብዬ አላውቅም፤ ከታላቅ ልጄ የሚበልጠው በሦስት ዓመት ነበር።

ፕሮግራም ሠሪው | ጥቅምት 13

በእኛ ድርጅት ሁላችንም «አንተ» እና «አንቺ» ነው የምንባባለው፤ ሥራ አስኪያጁንም ጭምር። ይህን ስንወስን ምክንያት ነበረን። አንድ ጀማሪ ሠራተኛ የአለቃውን ስህተት አይቶ ዝም ካለ ስህተቱ ደንበኛ ጋ ይደርሳል። «እርስዎ ተሳስተዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ከአፍ ለመውጣት ይከብዳል፤ «ተሳስተሃል» ግን ይቀልላል። እውነቱን ለመናገር ሠርቶልናል። ስለዚህ ኃላፊዋ «እርስዎ» በመፈለጓ አልፈርድባትም፣ ነገር ግን የምትከፍለው ዋጋ እንዳለ ትወቅ፤ ሰዎች መጥፎ ወሬ ዘግይተው ይነግሯታል።

በጽሑፍ ሲሆን ግን እኛም «እርስዎ» እንጠቀማለን። ለደንበኛ የሚወጣ ገጽ ላይ «አስገባ» ብለን ብንጽፍ ሴቷን ረስተናል፣ «አስገቢ» ብንል ወንዱን። «ያስገቡ» ግን ሁለቱንም ይይዛል፣ አክብሮትም አለው። ማንነቱን ለማታውቁት ሰው ደብዳቤ ወይም መልእክት ስትጽፉም መውጫው ይኸው ነው።

የየኔታ ደቀ መዝሙር | ጥቅምት 13

«አንተ» መቅረብን፣ «እርስዎ» መራቅን ይዞ እንደሚመጣ ከላይ የጻፈው ወንድሜ በደንብ አይቷል። በጸሎታችን «አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ» ስንል «ስምህ ይቀደስ» ነው የምንለው። እመቤታችንንም «አንቺ» እንላታለን። ብዙ ልጅ አባቱን «አንተ»፣ እናቱን «አንቺ» እያለ ያድጋል። ስለዚህ «አንተ» በራሱ ስድብ አይደለም። ስድብ የሚሆነው ያልቀረበ ሰው የቀረበ መስሎ ሲናገረው ነው።

ዕድሜና ሹመት የተጋጩት ግን ዛሬ በቢሮ ውስጥ አይደለም። ጎጃም ቅኔ ስማር የኔታ ገና ጎልማሳ ነበሩ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ቢበልጡ ነው። ታዲያ ወደ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ጢማቸው የሸበተ ገበሬዎች «ኖር!» ብለው ይነሱላቸዋል፤ እርሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው «በእግዜር፣ በእግዜር!» እያሉ ያስቀምጧቸዋል። ወጣት ቄስ መስቀል ሲያሳልም ሰማንያ ዓመት የሆናቸው እማማ ዝቅ ብለው ይሳለማሉ። ማንም ዕድሜያቸው ተዋረደ አይልም፤ የከበረው መስቀሉና ትምህርቱ ነውና። ሽማግሌው ሒሳብ ሠራተኛ ይህን ያውቁታል፤ በቢሮው ውስጥ እንዳለ የሚያስታውሳቸው ሰው አላገኙም እንጂ።

በነገራችን ላይ እኛ አገር «አንቱ» እንላለን። አዲስ አበባ መጥቼ አንዲትን ባለ ሱቅ «አንቱ» ብላት አብራት የነበረች ልጅ በሳቅ ፈረሰች። ነገር ግን «አንቱ የተባለ ባለሙያ» ሲሉ እነዚያው ሰዎች በኩራት ነው የሚናገሩት። «እርስዎ» የሚለው ቃል ራሱ «ርእስ» ከሚለው ግእዝ የመጣ ነው፤ «ራስዎ» ማለት ነው። ሁለቱም ክብር ናቸውና የገጠሩን ሰው በቃሉ አትሳቁበት።

አዲስ ኃላፊ | ጥቅምት 13

እናታችን ጡረተኛዋ ጸሐፊ፣ «አግዙኝ» የሚለውን ቃል ጻፍኩት፤ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ፕሮግራም ሠሪው ያነሳው ነገር አሳስቦኛል፤ እኔ ሰዎች እንዲፈሩኝ አልፈልግም።

የነታንያው | ጥቅምት 15

ከእስራኤል ነው የምጽፈው። እኔ የመጣሁት በሰለሞን ዘመቻ ጊዜ ነው፤ በግንቦት 1983፣ ከ14 ሺህ የሚበልጥ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ሲሻገር፣ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ።

በዕብራይስጥ «እርስዎ» የለም። ለአዛውንትም ለሕፃንም «አታ» ነው፣ ለሴት «አት»። ልጆቼ እዚህ ተወልደው መምህራቸውን በስሙ ብቻ እየጠሩ አደጉ። ከአያታቸው ጋር በአማርኛ ሲያወሩ «አንቺ፣ ነይ እንብላ» ይሏታል። እናቴ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እየደነገጠች ወደ እኔ ትመለከት ነበር። ልጆቹ አልናቋትም፤ ከእርሷ ጋር ሆነው ቡና ሲቆሉ የሚውሉ ልጆች ናቸው። በአፋቸው ላይ ያለው ቋንቋ ለአክብሮት የተለየ ግስ ስለሌለው ነው። እኔ ቁጭ ብዬ «ይምጡ፣ ይብሉ፣ ይቀመጡ» እያልኩ አስተማርኳቸው። ትልቁ አሁን ከወታደር ቤት ሲደውል «እማማ፣ እንዴት አደሩ» ይላታል። ቀን ላይም ቢሆን «እንዴት አደሩ» ነው የሚለው፤ እርሷም አታርመውም።

የእኔ ችግር ግን ተቃራኒው ነበር። ሥራ ፍለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃለ መጠይቅ ስገባ አባቴ እንዳስተማረኝ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ ስጠየቅ ብቻ፣ በአጭሩ መለስኩ። ሥራውን አላገኘሁም። በኋላ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ «የምትደብቀው ነገር ያለ መስሏቸው ነው» ብላ አስረዳችኝ። ለአባቴ ጨዋነት የሆነው ለእነርሱ ማጭበርበር መሰለ። ከዚያ በኋላ ከጓደኛዬ ጋር መስታወት ፊት ተቀምጠን ዓይን ለዓይን መተያየትን ስንለማመድ ከረምን፤ ከዕብራይስጡ ይልቅ እርሱ ከበደኝ።

ይህን ያነሳሁት ለእኅቴ ነው። የግዥ ኃላፊው የስድስት ዓመቱን የእናንተን ቤተሰብነት አያውቅም። የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ በዚያች ቃል ፈረደ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይባል የለ?

ከጅማ | ጥቅምት 15

ሁለተኛ ቋንቋው አማርኛ የሆነ ሰው ስለሚደርስበትም አንድ ነገር ልጨምር። አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው። በኦሮምኛ ለምናከብረው ሰው «ኢሲን» እንላለን፤ ለብዙ ሰዎች የሚባለው ቃል ራሱ ነው። አንድ ሰው ሲሆን «አቲ» ነው፣ ለወንድም ለሴትም። ስለዚህ አማርኛ ስንማር በአንድ ጊዜ ሁለት አዲስ ነገር ይመጣብናል፤ ወንድና ሴቱን መለየት፣ ከዚያ አክብሮቱን። ና፣ ነይ፣ ይምጡ። ብላ፣ ብዪ፣ ይብሉ። አፍ ይሰናከላል።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ አንድን መምህር «አንተ እንዳልከው» ብዬ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ያን ዓመት ከዚያ በኋላ እጄን አላወጣሁም። መምህሩ በጊዜው ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ዝም ማለቱ ነው ያስፈራኝ። ወጣቶቹ ሠራተኞች «አንቺ» ማለታቸው ከመጥፎ ልብ ነው ከማለትዎ በፊት፣ እኅቴ፣ ከየት እንደመጡና በቤታቸው ምን ቋንቋ እንደሚነገር ይጠይቁ። በፈገግታ የተነገረ እርማት እኔን ብዙ ዓመት ያተርፍልኝ ነበር።

ሲስተር | ጥቅምት 16

ነርስ ነኝ፤ ስለ «እማማ» እና «አባባ» መናገር እፈልጋለሁ። እኛ ሕሙማንን በዚህ ስንጠራ የምናከብር ይመስለናል። አንድ ጊዜ የሃምሳ ዓመት እናትን «እማማ፣ ክንድዎን ይስጡኝ» ብላቸው «ስሜ ካርዱ ላይ ተጽፏል፤ እርሱን ለማንበብ ለምን ሰነፍሽ?» አሉኝ። ጡረታ ያልወጡ መምህርት ነበሩ። ተቀይሜ ወጣሁ። ማታ ቤቴ ስገባ አሰብኩት። በአንድ ቀን ከአርባ በላይ ሕሙማን አያለሁ፤ «እማማ» ስል በእውነት አክብሬ ነው ወይስ ስማቸውን ላለማየት? ከዚያ ወዲህ ካርዱን አይቼ «ወይዘሮ» ብዬ ከስማቸው ጋር እጠራለሁ። ከገጠር የመጡት ግን «ወይዘሮ» ስላቸው ዞር ብለው ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። እነርሱን «እናቴ» እላለሁ፣ ፊታቸው ይፈታል። ማን ምን እንደሚወድ የምታውቁት በሁለተኛው ቃል ላይ ፊቱን ስታዩ ነው።

ጭነት አስተላላፊ | ጥቅምት 17

ስለ ስም ከተነሣ የእኔንም ስሙኝ። ከውጭ አገር ሰዎች ጋር በኢሜይል የምሠራ ነኝ። በእኛ ልማድ «አቶ» የሚለው ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄደው፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ የቤተሰብ ስም አይደለም። እነርሱ ግን «ሚስተር» ብለው የአባቴን ስም ያስከትላሉ። አባቴ በሞተ በዓመቱ በየጠዋቱ ኮምፒውተሬን ስከፍት እርሱን እየጠሩ ዕቃው የት ደረሰ ብለው ይጠይቁታል። አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ ከፊርማዬ በታች «እባክዎ በመጀመሪያው ስሜ ይጥሩኝ፣ ሁለተኛው የአባቴ ስም ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ሁሉም አረሙ፣ አንዷም ይቅርታ ጠየቀች። ሰው ካልነገሩት ከየት ያውቃል? አንጋፋው ሰውዬም የነገራቸው የለም።

የጽዳት ሠራተኛ ልጅ | ጥቅምት 18

ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩ። ብዙ መልካም ነገር ተጽፏል። እኔ ግን ጠያቂዋን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቢሮዎን የሚያጸዱትን፣ ቡና የሚያፈሉልዎትን ሰው ምን ብለው ይጠራሉ?

እናቴ በቢሮ ጽዳት ሦስት ልጅ አሳድጋለች። የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ነበረች። የሃያ አራት ዓመት ልጅ «አንቺ፣ ይህን አንሺ» ይላታል፤ እርሷ «እሺ፣ ያስቀምጡት» ብላ ትመልሳለች። አንድ ቀን ልሸኛት ገብቼ ይህን ሰማሁ። ቤት ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ» የሚላት፣ በእድራችን ለቅሶ ሲኖር ሥራውን የምታከፋፍል ሴት ናት። በር ላይ ጫማዋን ቀይራ ስትገባ ሌላ ሰው ትሆናለች።

የጽዳት ሠራተኛ፣ ተላላኪ፣ የታክሲ ረዳት፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ፣ የቤት ሠራተኛ። እነዚህን ማንም «እርስዎ» አይልም። ከላይ ጡረተኛዋ እናታችን «ጓድ፣ ግባ» ያሉት ይኸው ነው። እርስዎ አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ የተሰማዎትን እነርሱ በየቀኑ ይሰማሉ፤ የሚጽፉበት መድረክ ግን የላቸውም። ቅር እንዲሰኙብኝ አይደለም የጻፍኩት። ጥያቄዎ ከልብ ስለሆነ ነው።

ፕሮግራም ሠሪው | ጥቅምት 18

ከላይ «ሁላችንም አንተ እንባባላለን» ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ቆም ብዬ ሳስብ የቢሮአችን ጽዳት ሠራተኛ ሥራ አስኪያጁን «እርስዎ» ነው የሚሉት። «ሁላችን» ስል እርሳቸውን አልቆጠርኩም ነበር። ይህን መጻፍ ነበረብኝ።

አዲስ ኃላፊ | ጥቅምት 19

ትናንት ለመመለስ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁት። «አንቺ» ነው የምላቸው። ከእናቴ በሁለት ዓመት ያንሳሉ። በስማቸው ጠርቼ «አንቺ፣ ቡና አለ?» እላለሁ። የአባታቸውን ስም አላውቅም፤ የደመወዝ ዝርዝሩን በየወሩ የምፈርመው እኔ ነኝ። ሌላ የምለው የለኝም። ጊዜ ስጡኝ።

ጡረተኛዋ ጸሐፊ | ጥቅምት 19

አይዞሽ። እኔም ያቺን የ«ግባ» እና «ይግቡ» ነገር አየሁት አልኩሽ እንጂ አስተካከልኩት አላልኩሽም። ተላላኪያችንን እስከ ጡረታው «አንተ» እያልኩት ኖርኩ፤ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። አሁን ነፍሱን ይማረው።

ሲስተር | ጥቅምት 20

እኅቴ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። በድንገት ከ«አንቺ» ወደ «እርስዎ» ብትሸጋገሪ ሊያስደነግጣቸው ይችላል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ «እርስዎ» እንደሚባባሉት ማለቴ ነው። ከመቀየርሽ በፊት አነጋግሪያቸው።

አዲስ ኃላፊ | ኅዳር 11

ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሲስተር ያለችው አልቀረም፤ ምክሯን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ሰኞ ጠዋት ቡናውን ይዘው ሲገቡ ብድግ ብዬ «እንዴት አደሩ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው። ስኒው በሰሐኑ ላይ ተንቀጠቀጠ። አልተቀመጡም። በሩን መለስ አድርገው «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ከሥራ የማሰናብታቸው መስሏቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ጓደኛቸው ከሌላ መሥሪያ ቤት ስትሰናበት ኃላፊው እንዲሁ በአክብሮት አስቀምጦ ነበር የነገራት።

ምንም እንዳላጠፉ ነገርኳቸው፤ ያጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ፣ በዕድሜ እናቴ ሆነው ሳለ ያለ አክብሮት ስጠራቸው መኖሬን። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እርስዎ አትበዪኝ፣ ይከብደኛል፣ የሌላ ሰው ስም ይመስለኛል» አሉኝ። በመንደራቸው ምን እንደሚባሉ ጠየቅኳቸው። «እቴቴ» አሉ። «አንቺ» አሉኝ እንግዲህ፤ በስድስት ዓመት የመጀመሪያው ነው፣ ደስ አለኝ። ስለዚህ አሁን «እቴቴ» እላቸዋለሁ፣ ግሱንም በአክብሮት እዘጋዋለሁ፤ እርሳቸው እስኪለምዱት ድረስ በየጊዜው «ተዪ አንቺ» ይሉኛል። የአባታቸውን ስም ጠይቄ አውቄያለሁ። በበር ላይ በተለጠፈው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ውስጥ ስማቸው አልነበረም፤ አሁን አለ።

ከሒሳብ ሠራተኛችን ጋር በሁለተኛው ሳምንት ቡና ስንጠጣ ተነጋገርን። «አግዙኝ» ብዬ ጀመርኩ። የሆስፒታሉን ስብሰባ ስነግራቸው አላስታወሱትም፤ ሳስታውሳቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «የማውቀውን ሒሳብ ብቻ ነበር የማየው፤ ሰውየው ወንበሩን ማዞሩን አላየሁም» አሉ። ትልቋ ልጃቸው ከእኔ በሁለት ዓመት እንደምትበልጥ፣ እርሷም መሥሪያ ቤት ኃላፊ እንደሆነች ነገሩኝ። ከዚያ ጥቂት አሰቡና «የእርሷን ሰዎች እንዲህ ሲሏት ብሰማ እቆጣ ነበር» አሉ።

ባለፈው ሐሙስ ሌላ እንግዳ መጣ። እርሳቸው ቀድመው ተነሥተው «ኃላፊያችን ናቸው፤ ውሉን የሚጨርሱት እርሳቸው ናቸው» ብለው አስተዋወቁኝ። በስብሰባው መሐል የዋጋ ስህተት አገኙብኝ፤ በወረቀት ጽፈው በጠረጴዛው ላይ ገፉልኝ። እንግዳው ከሄደ በኋላ በኮሪደሩ ላይ «አንቺ ልጅ፣ ያን የጉምሩክ ቁጥር ደግመሽ እዪው» አሉኝ።

ወጣቶቹን ገና አላናገርኳቸውም። ከጅማ የጻፉትን ወንድሜን አስቤ መጀመሪያ ከየት እንደመጡ ጠየቅኳቸው። አንደኛው ቤቱ ውስጥ የሚነገረው ሲዳምኛ እንደሆነ ነገረኝ። ከእርሱ ጋር በሚቀጥለው ሳምንት እቀመጣለሁ። ሁለተኛው ግን እዚሁ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ነው፤ እቴቴን አሁንም «አንቺ» ይላል። እርሱን የማናግረው ስለ እኔ አይደለም።

የጽዳት ሠራተኛ ልጅ | ኅዳር 11

ስም ዝርዝሩ ላይ መጨመርዎን ለእናቴ አነበብኩላት። «ፊደሉን አስተካክለው ጽፈውታል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። የእርሷ በብዙ ቦታ ተሳስቶ ነበር የሚጻፈው።

አዲስ ኃላፊ | ኅዳር 12

እቴቴ ራሳቸው አይተው አርመውታል። «ፀ» ሳይሆን «ጸ» ነበር።